የካቲት 12 ዘንድሮ በፈረንጅ 19 ነው 20? የአድዋም ነገር ግራ ገብቶኛል

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ጥር 20 ቀን 2016

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሜሪላንድ የየካቲት 12 ሰማዕታትን መታሰቢያ በየዓመቱ የምናዘጋጅ ጥቂት ሰዎች አለን። እስከ ዛሬ በራሪ ወረቀቱ ላይ የምንጽፈው ፌብሩዋሪ 19 ነው። ዘንድሮ አንዷ አባላችን ስልኳ ላይ ብትቀይረው 20 አላት። ሌላው ደግሞ «ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው በ19 ነው፣ መጽሐፉ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው» ብሎ ሙጭጭ አለ። ስብሰባው በዚሁ ጭቅጭቅ አለቀ።

ሁለተኛው ጥያቄ የልጄ ነው። አድዋን ማርች 2 እናከብራለን፤ እሱ ግን ለትምህርት ቤት ጽሑፍ ሲያዘጋጅ ያገኘው ሁሉ ማርች 1 ይላል። «ማነው የተሳሳተው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ፤ ወረቀቱ እስከ ዓርብ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት።

ፒያሳ_ልጅ | ጥር 20

በ19 ጀምራችሁ በ20 ጨርሱት። ሐበሻ እንደሆነ በሰዓቱ አይመጣ፣ በመጣበት ቀን ይደርስላችኋል።

ባሕረ_ሐሳብ | ጥር 20

እህቴ፣ ስልኩም ልክ ነው፣ ሰውየውም አልተሳሳቱም። በ1929 የካቲት 12 የዋለው ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ነበር። ዘንድሮ ግን ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 20 ይውላል።

ነገሩን ያመጣችው ጳጉሜ ናት። ያለፈው 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜ 6 ሆና ወጣች፤ ዕንቁጣጣሽንም በሴፕቴምበር 12 አከበርን። ከዚያ ወዲህ የእኛ ቀን ሁሉ በፈረንጁ ላይ አንድ ቀን እየገፋ ነው የሚሄደው። በቀደም ጥምቀት በጃንዋሪ 20 የዋለው ለዚህ ነው። ገና ብቻ ነው በ7 የጸናው፤ እሱም በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ላይ ስለሚውል ነው እንጂ በ29 ቢሆን ኖሮ እሱም 8 ይሆን ነበር።

ወንጌላዊውን ለማወቅ 5500ን ዓመተ ምሕረቱ ላይ ደምሪና ለ4 አካፍይው። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 5500 ሲደመር 2015፣ 7515፤ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል። በሉቃስ ማግስት፣ ማለትም በዮሐንስ፣ የካቲት 12 ሁልጊዜ ፌብሩዋሪ 20 ነው። በሌሎቹ ሦስት ዓመታት 19።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ጥር 20

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ አድዋስ? ዘንድሮም ማርች 2 ነው የሚለው ስልኩ፣ አምናም ማርች 2 ነበር። ጳጉሜ እሱን አትነካውም?

ባሕረ_ሐሳብ | ጥር 21

አትነካውም። ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ሲጨምሩ ልዩነቱ ይስተካከላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቀን ሁሉ እስከ ጳጉሜ ድረስ አይናወጥም። የካቲት 23 እኛ በምንኖርበት ዘመን ምንጊዜም ማርች 2 ነው።

«እኛ በምንኖርበት ዘመን» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የልጅሽ ጥያቄ ያለው እዚያ ላይ ነው። የእኛ ቀመር በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፣ ዓመት አይመርጥም። የፈረንጆቹ ግን መቶ ዓመት ሲሞላ ይዘላል፤ ለ400 የማይካፈል ከሆነ ፌብሩዋሪ 29 የለም። 1900 ላይ ዘለሉ። እኛ አልዘለልንም። ስለዚህ ከዚያ በፊት የነበረው ልዩነት አንድ ቀን ያንሳል፤ የ1888ቱ የካቲት 23 በእነሱ እሑድ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ስሌት ብቻ እንዳይመስላችሁ። 1896 በእነሱም ባለ 366 ቀን ነበር። የጣሊያን ጦር አዛዡ ባራቲየሪ ወታደሩን ከሳውርያ አስነስቶ ሌሊቱን ወደ አድዋ ያስጓዘው በዚያችው በፌብሩዋሪ 29 ምሽት ነው። ከጄኔራሎቹ አንዱ አልቤርቶኔ በጨለማው መንገድ ስቶ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወጣ፤ ሲነጋ ማርች 1 ሆነ፣ በእኛ ጊዮርጊስ። ጄኔራሎቹ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ እዚያው ወደቁ፣ አልቤርቶኔ ተማረከ። ስለዚህ ለልጅሽ «ጦርነቱ የተካሄደው ማርች 1 ነው፣ የካቲት 23 ግን ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል» በይው። መምህሩ ቢጠይቀው «1900 ላይ ፌብሩዋሪ 29 የለም» ይበል፤ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

2100 ላይ ደግሞ እንደገና ይዘላሉ። ያኔ የልጅ ልጆቻችን አድዋን በማርች 3 ያከብራሉ፣ ዕንቁጣጣሽም በተለመደው ዓመት ሴፕቴምበር 12 ይገባል።

ፒያሳ_ልጅ | ጥር 21

ያኔም ይህ ክር ሳይዘጋ ይጠብቃቸዋል።

ቦሌ_ሚካኤል | ጥር 21

ክትትል።

የጉለሌው_ሽማግሌ | ጥር 22

ልጆች፣ ደኅና ናችሁ ወይ? ክርክራችሁን ሳነብ ነው ያመሸሁት። ባሕረ ሐሳብ፣ አንተ ልጅ ተባረክ፣ ሰዓሊና ደብተራ በጠፋበት ዘመን ይህን የሚቆጥር መኖሩ ደግ ነው።

እኛ ቤት «የካቲት 12» የሚባል ነገር አልነበረም። እናቴ ነፍሷን ይማረውና «የሚካኤል ለት» ነበር የምትለው። አድዋም «የጊዮርጊስ ለት» ነው፤ አባቷ የነገሯት እንዲያ ብለው ነው። ወሩን ካወቅህ የታቦቱን ቀን መርሳት አይሆንልህም፣ በየወሩ ይመጣብሃላ። የማኅበሩ ጽዋ እኛ ዘንድ በ12 ነበር፤ የካቲት ሲሆን ጠላው ይጠመቃል፣ ዳቦው ይደፋል፣ ግን ያን ለት እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የምትቀመጥ። ሕፃን ሆኜ «ሚካኤል ሞቷል እንዴ?» ብዬ ጠይቄ ተቆንጥጫለሁ።

ወንድሟ ነው። ያን ዓርብ ረፋዱ ላይ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ሬሳ አልተገኘም፣ ያየም ሰው አልመጣም። በስንተኛው ቀን እንደሞተ ማን ይወቅ? ሰዉ ሦስት ቀን ነው የተገደለው። የንስሐ አባቷ «ከወጣበት ቀን ቁጠሩ» አሉና አርባው ከሚካኤል ተቆጠረ፤ መጋቢት 21፣ ማርያም ላይ ወደቀ። ተዝካሩንም በር ዘግተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ለአምስትና ለስድስት ሰው ነው ያወጡት። ጣሊያን ገና ከተማው ውስጥ ነበረ።

ፌብሩዋሪ 19 ቢሆን 20 ቢሆን ለእናቴ ምኗም አልነበረም። ይህን የምለው እናንተን ለመንቀፍ አይደለም፤ አሜሪካ ያለ ሰው ቀጠሮውን በፈረንጅ ካልያዘ እንደማይመጣ አውቃለሁ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ጥር 22

ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ይህን ታሪክ በዝግጅታችን ላይ ስም ሳልጠቅስ ላንብበው? ይፈቅዱልኛል?

የጉለሌው_ሽማግሌ | ጥር 22

አንብቢው ልጄ። ስሙንም ብትጠሪው ደስ ባለኝ፣ ግን እዚህ መድረክ ላይ አልጽፈውም። በግል እልክልሻለሁ።

አራት_ኪሎ_መምህር | ጥር 23

በቀን ጉዳይ ከተነሣ ከሁሉም የሚገርመኝ ሚያዝያ 27 ነው። የጣሊያን ጦር አዛዡ ባዶሊዮ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፣ ማክሰኞ። ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ሰኞ። አምስት ዓመት፣ ቀን ሳይጨምር ቀን ሳይቀንስ።

ተማሪዎቼ «የእግዚአብሔር ሥራ ነው» ይላሉ። እኔ ቀኖቹን ሰሌዳው ላይ እጽፍላቸዋለሁ፦ ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሡ ኦሜድላ ላይ ባንዲራ ሰቀሉ (ይህም ሚካኤል ነው፣ ለጋሼ)። መጋቢት 28 ጄኔራል ካኒንግሃም የሚያዘው ጦር አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ሰሞን ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ናቸው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ የአንድ ወር መንገድ ነው? አይደለም። እንግሊዞቹ ናቸው ያቆዩአቸው፤ ከተማው ውስጥ ብዙ የጣሊያን ሲቪል ስለነበረ ንጉሡና አርበኛው ቢገቡ ደም ይፈስሳል ብለው ፈሩ፣ ወይም ፈራን አሉ። መቆየቱ የእንግሊዝ ነው፤ የተቆየው ግን በመጨረሻ በትክክል አምስተኛው ዓመት ላይ ሲያርፍ ያን ቀን ያላየ ሰው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አልነበረም ብዬ አላምንም።

ጥያቄ_አለኝ | ጥር 23

መምህር፣ እዚህ ላይ እንለያያለን። ከተማዋ ከፋሺስት እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ነው። ሚያዝያ 27 የንጉሥ መግቢያ ነው እንጂ የነፃነት ቀን አይደለም። ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ማዛወሩ ምኑ ነው ስህተቱ? የአርበኞች ቀን ከተባለ አርበኛው ጫካ የከረመው ለአንድ ሰው ሰልፍ አልነበረም።

አራት_ኪሎ_መምህር | ጥር 23

ስህተቱ እንዲህ ነው፤ ደርግ ንጉሡን ሲሸሽ እንግሊዝ ጄኔራል ላይ ወደቀ። መጋቢት 28 ወደ ከተማዋ የገባው ከኬንያና ከሶማሊያ በኩል የመጣው የደቡብ አፍሪካና የሌሎች ቅኝ ግዛቶች ወታደር ነው። ሚያዝያ 27 ግን የራስ አበበ አረጋይ አርበኛ ጎፈሬውን እንዳበጠረ በአደባባይ የታየበት ቀን ነው። «የአርበኛ ቀን ይሁን» ካልክ የሚሻለው የቱ ነው?

ጥያቄ_አለኝ | ጥር 24

እሱስ ጥሩ አልክ። ግን ሌላውንም አትርሳ፤ በሚያዝያ 27 በዓል ለሠላሳ ዓመት ያህል የተዘመረው ለማን ነበር? ስደት ሄዶ ለተመለሰው እንጂ አምስት ዓመት ሙሉ ጫካ ለቆየው አይደለም። በላይ ዘለቀ እኮ ነፃነት በመጣ በአራተኛው ዓመት ተሰቀለ። እናቶቻችን ያንጎራጎሩት በሰልፉ ላይ አልነበረም።

አራት_ኪሎ_መምህር | ጥር 24

በዚህ ላይ አልከራከርህም። ቀኑ ይቆይ፣ የሚነገረው ይለወጥ ነው የምለው። ደግሞም ደርግ ሲወድቅ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሷል፤ ንጉሥ የለም፣ ደርግ የለም፣ ቀኑ አለ። አራት ኪሎ ያለውን የድል ሐውልት «ሚያዝያ 27 አደባባይ» ብሎ የሚጠራው ባይበዛም ስሙ እሱ ነው።

ፒያሳ_ልጅ | ጥር 24

አዲስ አበባ ውስጥ ቀን ሁሉ ሰፈር ነው እኮ። «ወዴት ነህ?» «የካቲት።» «የካቲት ሆስፒታል ወይስ የካቲት ትምህርት ቤት?» የቀድሞው እቴጌ መነን የተማረችው አክስቴ እስከ ዛሬ «የካቲት 12» አትለውም፤ መነን ነው፣ አለቀ።

ጣይቱ_ፋን | ጥር 25

ስለ ግንቦት 20ስ ማን ይናገር? ስንት ዓመት ሙሉ በሰልፍ ቆመን

አወያይ | ጥር 25

ከላይ ካለው አስተያየት ቀጥሎ የመጡ 14 መልሶች ተነሥተዋል። ስለ ግንቦት 20፣ ስለ የካቲት 11 እና ስለ መስከረም 2 መወያየት የሚፈልግ የፖለቲካ ክፍሉ ክፍት ነው። እዚህ የካቲት 12ና የቀን አቆጣጠር ነው ርእሱ። ተሳዳቢ ይታገዳል።

እህት_ከሐይፋ | ጥር 26

ሻሎም፣ ሰላም። እናንተ ሁለት አቆጣጠር አስቸገረን ትላላችሁ፣ እኛ ቤተ እስራኤሎች ሦስት ነው ያለን። በዓላችን ስግድ የሚውለው በዕብራይስጡ ወር በሔሽቫን 29 ነው፣ ከዮም ኪፑር በኋላ ሃምሳ ቀን ተቆጥሮ፤ በዕብራይስጡ አይናወጥም፣ በፈረንጁና በኢትዮጵያው ግን በየዓመቱ ይዞራል። በፈረንጅ ከ2008 ወዲህ በሕግ የመንግሥት በዓል ሆኗል።

ግን እኔን የሚከብደኝ ሌላው ቀን ነው። በሱዳን በኩል ስንመጣ በመንገድና በመጠለያ ለሞቱት የሚደረገው መታሰቢያ በኢያር 28፣ በኢየሩሳሌም ቀን ነው፣ ሄርጽል ተራራ ላይ። ወደ 4,000 ሰው ነው የሚባለው። አብዛኛው ቤተሰብ የሞቱበትን ቀን አያውቅም፤ ሱዳን ውስጥ ቀን የሚቆጥር አልነበረም፣ ቄሶቹም ራሳቸው ታመው ነበር። ስለዚህ ያ አንድ ቀን ለሁሉም ሆነ። የጋሼን ጽሑፍ ሳነብ ስለ አርባው ያሉት ነገር ሆዴን አላወሰው። እኛም እናቴ ያልቆጠረችው እህት አለችን።

የጉለሌው_ሽማግሌ | ጥር 26

አይዞሽ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ጥር 28

ኮሚቴው ዛሬ ተሰብስቦ ነበር። ወረቀቱ ላይ «የካቲት 12 ቀን 2016፣ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 20» ተብሎ እንዲታተም ተስማምተናል። አዳራሹን ግን ያገኘነው ለቅዳሜው ለ24 ነው፣ በእኛ የካቲት 16። ማክሰኞ ሰው ከሥራ አይወጣም። ሁለት አባላት «መታሰቢያ እንደ ሠርግ ወደ ቅዳሜ አይገፋም» ብለው ወጥተዋል። ምን ትላላችሁ?

ባሕረ_ሐሳብ | ጥር 28

ማክሰኞ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሚካኤል ነው፣ ጸሎተ ፍትሐቱን እዚያ አስደርጉ። ቅዳሜ ንግግሩን። የወጡትም በማክሰኞው ይመለሳሉ።

ጥያቄ_አለኝ | ጥር 28

አዲስ አበባም እኮ የካቲት 12 ቢሮ አይዘጋም። ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር አበባ ተቀምጦ፣ አባት አርበኞች ሸልለው፣ ሰዉ ወደ ሥራው ነው የሚሄደው። ቅዳሜ ብታደርጉት ማንም አይወቅሳችሁም።

ሮማ_ተርሚኒ | የካቲት 1

ከሮም ነው የምጽፈው። እዚህ ፌብሩዋሪ 19ን የሚያስቡ ጣሊያናውያን አሉ፤ ጥቂት ናቸው፣ ግን በየዓመቱ አይቀሩም። እነሱ 20 ብትላቸው አይገባቸውም፣ ለእነሱ ቀኑ 19 ነው። እኔም ከእነሱ ጋር በ19 እቆምና በማግስቱ ብቻዬን ሻማ አበራለሁ።

ግራዚያኒ የኖረባት አፊሌ ከሮም ሩቅ አይደለችም። በ2004 ክረምት፣ በእነሱ ኦገስት 2012፣ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ሠሩለት። ያኔ እዚህ ያለን ሐበሾች ሰልፍ ወጥተናል፣ አሜሪካም ወጥተው ነበር መሰለኝ። ሰውየው በኢትዮጵያ ለሠራው አንድም ቀን አልተከሰሰም። በእነሱ በ1950 የተፈረደበት 19 ዓመት ከናዚ ጋር ስለሠራ ነው፤ እሱንም ጥቂት ወራት ታስሮ ወጣ። አልጋው ላይ ነው የሞተው።

የሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ፣ ቅዳሜ ወጣቶች ካሉ ይህንንም ንገሪያቸው። ልጆቹ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ነው የሚሉት።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | የካቲት 1

ለልጆች የሚሆን አጭር ጽሑፍ ያለው ሰው ካለ እባካችሁ። እኔ ስጀምረው እንባዬ እየቀደመኝ አልሆነልኝም።

አራት_ኪሎ_መምህር | የካቲት 2

ለክፍሌ የምነግራቸው ይህ ነው፣ እንደፈለግሽ ቁረጪው።

ዕለቱ ዓርብ ነው። የጣሊያን አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ተወልዶለታል፤ ግራዚያኒ በዚህ ምክንያት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ባለበት ግቢ፣ ለድኻ ገንዘብ ላድል አለ። ግቢው በአዛውንት፣ በዓይነ ስውርና በአካል ጉዳተኛ ተሞላ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ከሕዝቡ መሀል ሆነው የእጅ ቦምቦቹን ተራ በተራ ወረወሩ። ሁለቱም የኤርትራ ልጆች ናቸው። አብርሃ ለጣሊያኖቹ ይሠራ ስለነበረ ግቢውን ያውቀዋል። ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት የጣሊያንን ባንዲራ ወለሉ ላይ ዘርግቶ በሳንጃ እንደቸነከረው ይነገራል። ግራዚያኒ ፍንጣሪው ጀርባውን በላው እንጂ አልሞተም። ስምዖን አደፍርስ በመኪናው ይዟቸው ወጣ።

በሩ ተዘጋና ግቢው ውስጥ የተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ገንዘብ ሊቀበል የመጣው ድኻ። ማታ የፋሺስት ፓርቲው ሹም ጉይዶ ኮርቴዜ ጥቁር ሸሚዝ ለባሹን ለቀቀው። የሣር ቤት ላይ ቤንዚን እያርከፈከፉ፣ የሚወጣውን እየጠበቁ ነበር። ጊዮርጊስንም አቃጠሉት። እስከ እሑድ ሦስት ቀን። ከዚያ በኋላ ደግሞ የተማረውን እየለቀሙ፤ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡትን፣ ፈረንሳይ አገር የተማሩትን። ከተረፈው ብዙው ወደ ኖኩራና ወደ ደናኔ እስር ቤቶች ተጋዘ።

ኢትዮጵያ የያዘችው ቁጥር 30,000 ነው። ከዚያ ዝቅ የሚያደርጉም ተመራማሪዎች አሉ፤ ልጅ ከጠየቀሽ ሁለቱንም ንገሪው፣ አትሸፋፍኚ።

ጥያቄ_አለኝ | የካቲት 2

ቁጥሩን ለልጆች መጨቃጨቂያ ባታደርጉት። 30,000 በሉና ቀጥሉ።

አራት_ኪሎ_መምህር | የካቲት 2

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስልክ ይዟል ወንድሜ። እኛ ካልነገርነው ሌላ ይነግረዋል፣ ያኔ ሁሉንም ውሸት ነው ይላል።

ፒያሳ_ልጅ | የካቲት 4

ከርእስ ውጭ፣ የአድዋ መታሰቢያው ትላንት ተመረቀ። ከሰፈራችን ስንቱ ፈርሶ እንደቆመ እኔ አልናገርም። ግን ትልቅ ነው።

ጣና_ዳር | የካቲት 5

ሁላችሁም የካቲት 12 ላይ ናችሁ። ግንቦት 12ን ማን ያስባል? አብርሃና ሞገስ በደብረ ሊባኖስ አልፈዋል ተብሎ ግራዚያኒ ገዳሙን ጥርስ ውስጥ አስገባ። ጄኔራል ማሌቲን ሲልከው ቀኑ በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ነው፣ ከየአገሩ ሰው ይሰበሰባል። ለበዓል የመጣውን ከመነኮሳቱ ጋር ይዘው በማግስቱ በጭነት መኪና ወደ ላጋ ወልዴ ወስደው ፈጁት። ግራዚያኒ በቴሌግራም ለሮም ያስታወቀው 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች ብሎ ነው። ከቀናት በኋላ 129 ዲያቆናት ደግሞ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ። ኋላ የተደረገው ጥናት ከዚህ እጅግ የበዛ ነው የሚያወጣው።

የገዳሙን ንግሥ ያውቁ ነበር ማለት ነው። የእኛን ቀን መቁጠሪያ ተጠቅመው ነው የገደሉን።

የጉለሌው_ሽማግሌ | የካቲት 5

ይህንን አባቶች ሲያወሩት ሰምቻለሁ። ቆላው ላይ የተጣለው ዐፅም ለዓመታት ይታይ ነበር አሉ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | የካቲት 6

ጣና ዳር፣ ግንቦት 12 ዘንድሮ ሰኞ ሜይ 20 ነው፣ አሁን እኔም ማስላት ለምጃለሁ። ለቅዳሜው ዝግጅት አሥር ደቂቃ ብትይዝልን፣ በቪዲዮም ቢሆን? ስልክህን በግል ላክልኝ።

ጣና_ዳር | የካቲት 6

ልኬያለሁ። በእናንተ ሰዓት ከቀኑ ስምንት በፊት ከሆነ እችላለሁ፣ ከዚያ በኋላ እኛ ጋ መሽቶ መብራት ይጠፋል።